ሸምበቆ ላይ ያለችውን ማን ይመዝግባት?

በዚህ ጋዜጣ ገጾች ላይ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ፣ ስለ መኝታ ቤቱ ውሃ መቋረጥ፣ ስለ ፈተና ውጤት መዘግየትና ስለ አገር ጉዳይ ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። እኛ ዛሬ ስለ እንቁራሪት ልንጽፍ ነው። መሳቅ የሚፈልግ አንባቢ አሁኑኑ ስቆ ይጨርስና ከዚያ በኋላ አብሮን ይቀመጥ። ነገሩ ከእንቁራሪት ቢነሣም መድረሻው እኛው ነን፤ ተማርን የምንለው ወገኖች።

ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንቁራሪት አጥንተናል። ልቧ ሦስት ክፍል እንዳለው፣ በሳንባዋም በቆዳዋም እንደምትተነፍስ፣ ከእንቁላል ወደ ጅራታም ግልገል፣ ከግልገልም ወደ ባለ አራት እግር እንስሳ እንደምትለወጥ ለፈተና ሸምድደናል። ዕድል የቀናቸው ጓደኞቻችን ሰሌዳ ላይ ተቸንክራ ሆዷ ሲከፈት አይተዋል። ነገር ግን ያቺ በደብተራችን በእርሳስ የሣልናት እንቁራሪት የየት አገር ሰው ናት? ብለን ብንጠይቅ፣ የእንግሊዝ ኩሬ ነዋሪ ሆና እናገኛታለን። ከመካከላችን ከአሶሳ፣ ከባምባሲና ከመንጌ የመጡ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ልጆች ሳሉ ክረምት በገባ ቁጥር ከረግረጉ ዳር ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ የሚሰሙት ድምፅ የማን እንደሆነ ብንጠይቃቸው፣ «የእንቁራሪት ነው» ከማለት የሚያልፍ መልስ ትምህርት ቤት አልሰጣቸውም። የሰው አገር እንቁራሪት ጉበት የት እንዳለ እናውቃለን፤ የጎረቤታችንን ስም አናውቅም።

አማርኛችንም በዚህ ነገር ላይ አልተጨነቀም። እንቁራሪት እንላለን፤ ቆዳው የሻከረውንና ተጎልቶ የሚቀመጠውን ጉርጥ እንላለን። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው ደግሞ በኦሪት ዘጸአት በግብፅ ላይ የወረደውን ጓጉንቸር ያውቃል። ከዚያ በኋላ የቀረን ተረት ነው፤ እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች እያልን መቀለድ። በኢትዮጵያ ከ70 በላይ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዓይነቶች እንዳሉ፣ ከነዚህም ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም እንደማይገኙ ለሚያውቅ ሰው፣ ሦስት ስምና አንድ ተረት ጥቂት ይመስለናል።

የምንናገርላት እንቁራሪት ሊቃውንቱ «ሃይፐሮሊየስ» ከሚሉት ወገን ናት። እኛ የሸምበቆ እንቁራሪት ብንላት የምትስማማ ይመስለናል፤ በሸምበቆ፣ በቄጠማና በፊላ ላይ ትኖራለችና። ርዝመቷ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የጣቶቿ ጫፍ ክብ ክብ ሆኖ ቀጥ ባለ ቅጠል ላይ እንኳ ሳትንሸራተት ያቆማታል። ወንዱ በጉሮሮው ሥር ያለውን ከረጢት እንደ ፊኛ ነፍቶ ይጮሃል፤ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ያ ድምፅ ያስገርማል። ወገኑ በአፍሪካ ከ140 በላይ ዓይነት አለው። ከነዚህ አብዛኞቹ በልጅነታቸው አንድ ቀለም፣ ሲያድጉ ሌላ ቀለም ይይዛሉ፤ አንዳንዴም ወንዱና ሴቷ አይመሳሰሉም። ስለዚህ በመልክ ብቻ እለያለሁ ያለ ሰው ሲሳሳት ይኖራል። አስተማማኙ መለያ ድምፃቸው ነው። ይህን አንባቢያችን ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከነዚህ አንዷ በምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ የምትገኘው ሃይፐሮሊየስ ባልፎሪ ናት። ይህን ስም ያወጣላት ፍራንዝ ቬርነር የሚባል የኦስትሪያ ሊቅ ሲሆን ዘመኑም 1908 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ስም የወጣላት እንስሳ የተያዘችው በነጭ ዓባይ ዳር በጎንዶኮሮ ነበር፤ ቦታው በዚያን ጊዜ በእንግሊዞች የኡጋንዳ ግዛት ሥር ነበር፤ ዛሬ የደቡብ ሱዳን ነው። የመኖሪያዋ ስፋት ከካሜሩን ጀምሮ በደቡብ ሱዳንና በኡጋንዳ በኩል አድርጎ እስከኛ ይደርሳል። ስሟ ባልፎር የተባለ የውጭ ሰው ስም ነው። ይህ በራሱ አያስቆጣንም፤ የደከመ ሰው ስም ማውጣቱ ተገቢ ነው። የሚያሳዝነው፣ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያልፍ እኛ አንድ ስም እንኳ አለመጨመራችን ነው።

የደከመ ሰው ካልን፣ የአራት ኪሎው የሳይንስ ፋኩልቲ ያፈራውን አንድ ሥራ ሳናነሣ አናልፍም። ማልኮም ላርገን የሚባሉ እንግሊዛዊ መምህር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ፣ ከክፍል ውጭ ያለውን ጊዜያቸውን በየረግረጉ አሳለፉት። በ1974፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ ስለ ኢትዮጵያ የሸምበቆ እንቁራሪቶችና ስለ ዘመዶቻቸው አንድ ሰፊ ጥናት ጣሊያን አገር በሚታተም መጽሔት አወጡ። በዚያው ጥናት ከዚያ በፊት ያልታወቁ ሁለት የኢትዮጵያ ዓይነቶችን ስም ሰጥተው ገለጹ። አንደኛዋን «አፍሪክሳለስ ኤንሴቲኮላ» አሏት፤ የእንሰት ነዋሪ ማለት ነው። እንሰት የሚለው ቃላችን በሳይንስ ስም ውስጥ ገብቶ የምናየው በዚህ ዓይነት ነው። እኚህ ሰው በኋላ ወደ ሊቨርፑል ሙዚየም ቢሄዱም ሥራውን አልተዉትም፤ በ2001 የኢትዮጵያን እንቁራሪቶች ሁሉ ከነመለያቸው የያዘ ካታሎግ፣ በ2010 ደግሞ ከስቲቨን ስፖልስ ጋር ስለ ኢትዮጵያና ስለ ኤርትራ እንቁራሪቶችና ተሳቢ እንስሳት አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ዛሬ ማንም ሰው የኢትዮጵያን እንቁራሪት አጠናለሁ ቢል ከነዚህ ሥራዎች ሊያመልጥ አይችልም። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ከእርሳቸው የተማሩ፣ ከእነርሱም በኋላ እስከ እኛ ድረስ የመጡ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ስንት ናቸው? በየክረምቱ ወደ ቀያቸው የተመለሱትስ ስንት ናቸው? አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው ያን ያህል ከሠራ፣ የአንድ ትውልድ ተማሪ በዕረፍቱ ምን ያህል በሠራ ነበር?

«ተጠንታ አልቃለች ማለት ነዋ፤ ምን ቀረ?» የሚል ይኖራል። ቀረ እንጂ! የዚችኑ ወገን አንድ ታሪክ እንንገር። ሹል አፍንጫ ያላት፣ ቀጭን፣ አረንጓዴ የሸምበቆ እንቁራሪት አለች። ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሁሉም «ሃይፐሮሊየስ ናሱተስ» እያለ በአንድ ስም ሲጠራት ኖረ። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ከየአገሩ የተሰበሰቡትን በዘር መረጃቸውና በጩኸታቸው ቢመረምር፣ አንዷ እንቁራሪት አሥራ ስድስት ወገን ሆና ተገኘች፤ ስድስቱም ከዚያ በፊት ስም ያልነበራቸው ናቸው። ዓይን አንድ ያለውን ጆሮና ላቦራቶሪ አሥራ ስድስት አደረጉት። በአገራችንም በ2018 ክረምት ጥናት ያልደረሰበትን የደቡብ ምዕራቡን የቢቢታ ተራራ የወጡ ተመራማሪዎች፣ ማንም የማያውቃትን የኩሬ እንቁራሪት አግኝተው በ2019 «ፍራይኖባትራከስ ቢቢታ» ብለው ሰየሟት። ተራራው ያለው በኢትዮጵያ ነው፤ የወጡት ተመራማሪዎች ግን በአቡ ዳቢ ካለ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ነበሩ። እንግዲህ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ረግረጎች በሌሊት የሚጮኸው ሁሉ ስሙ ተጽፎ አልቋል ብሎ የሚምል ሰው ካለ፣ ከመማሉ በፊት አንድ ሌሊት እዚያ ይደር።

ስለ ሸምበቆ እንቁራሪት ጠባይ ከተነሣ ግን ልንዘለው የማንችለው ነገር አለ። አብዛኞቹ እንቁራሪቶች በጋ ሲመጣ አፈር ቆፍረው ወይም ድንጋይ ሥር ገብተው እርጥበት ይፈልጋሉ። በምዕራብ አፍሪካ ሣራማ ቆላ የምትኖረው የሸምበቆ እንቁራሪት ግን እንዲህ አታደርግም። የዓመቱ ግልገሎች በደረቀ ሣርና በቁጥቋጦ ላይ ተጣብቀው፣ እግራቸውን ከሆዳቸው ሥር አጥፈው፣ በጠራራ ፀሐይ ወራት ያሳልፋሉ። ከጀርመን የቩርስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ ነገሩን ሲመረምሩ፣ የእንቁራሪቷ ቆዳ በሙቀት ጊዜ ነጭ እየሆነ ብርሃኑን እንደ መስታወት እንደሚመልስ፣ ከቆዳዋም የሚተነው ውሃ እጅግ አነስተኛ እንደሆነ አገኙ። እንቁራሪት ቆዳዋ ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለበት ብለን ለፈተና የጻፍነው መልስ እዚህ ላይ አይሠራም ማለት ነው። መምህራኖቻችን ይህን ሲያነቡ የዱሮ ፈተናችንን እንዲያርሙልን አንጠይቅም።

ሣር ላይ የከረመች እንቁራሪት ደግሞ አንድ ጠላት አላት፤ እሳት። በ2002 የታተመ የነዚሁ ተመራማሪዎች ሥራ እንደሚያስረዳው፣ በበጋ ሣር ላይ ለተቀመጡ የሸምበቆ እንቁራሪቶች በቴፕ የተቀዳ የሰደድ እሳት ድምፅ ቢያሰሟቸው፣ እሳቱ ሳይኖር፣ ጭሱም ሳይሸት፣ ድምፁን ብቻ ሰምተው ለመሸሸግ ወደሚመች ቦታ ሸሹ። ይህን ያነበብን ዕለት ሁላችንም ያሰብነው አሶሳን ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በየበጋው ሣርና ቁጥቋጦ መቃጠሉን የማያውቅ የአካባቢው ልጅ የለም፤ ለእርሻ፣ ለግጦሽ፣ ለአደን ይቃጠላል፤ የሸመሉም ጫካ አብሮ ይለበለባል። የእኛዋስ እንቁራሪት ትሰማለችን? የት ነው የምትሸሸው? እሳቱ በኅዳር ቢለቀቅና በየካቲት ቢለቀቅ ለእርሷ ልዩነት አለውን? ይህን ለመጠየቅ ሚሊዮን ብር አያስፈልግም፤ አንድ ስልክ፣ አንድ ደብተርና የአንድ በጋ ትዕግሥት ይበቃዋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣን እያልን በየአዳራሹ የምናለቅስ እኛው ነን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መዝገብ ምን ይጠቅማል? ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የተሻለው መልስ ባሌ ነው። በባሌ ተራሮች ከዚያ ውጭ የማይገኙ እንቁራሪቶች አሉ። ላርገንና ሌሎችም ቀደም ባሉት አሥርተ ዓመታት እዚያ ሄደው የትኛዋ በየት ጅረት፣ በየት ከፍታ፣ ስንት ሆና እንደተገኘች ጽፈው ነበር። በኋላ የሄዱ ተመራማሪዎች ያንን የዱሮ መዝገብ ይዘው ወደ እነዚያው ጅረቶች ቢመለሱ፣ አንዳንዶቹን እንደ ዱሮው ሊያገኟቸው አልቻሉም፤ በ2013 ባወጡት ጽሑፍም አደጋ እየመጣ መሆኑን ለዓለም አስታወቁ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2012 ደግሞ፣ በሌሎች አህጉራት እንቁራሪቶችን የፈጀው የቆዳ ሻጋታ በኢትዮጵያ ደጋዎች በብዙ ቦታና በብዙ ዓይነት ላይ መኖሩ በጽሑፍ ወጥቷል። ልብ እንበል፤ የባሌ እንቁራሪት ስትቀንስ መቀነሷን ያወቅነው ቀድሞ ተቆጥራ ስለነበር ነው። ያልተቆጠረ ነገር አይጎድልም። ከብት ያልቆጠረ እረኛ ማታ ወደ ቤት ሲገባ አንድም በግ አልጠፋኝም ይላል።

በምዕራብ በኩል ያለው መሬታችን ደግሞ ዛሬ እየተለወጠ ነው። በጉባ የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ፣ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ውሃ መያዝ ጀምሮ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። በበለስ ሸንኮራ አገዳ ተተክሏል። በኩርሙክና በመንጌ በኩል ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ወርቅ ያጥባል፤ አሁን ደግሞ ትልልቅ ኩባንያዎች ገብተዋል። ዳቡስ ወደ ዓባይ ከመግባቱ በፊት የሚተኛበት ሰፊ ረግረግ አለ። በአሶሳ ዙሪያ ያሉት ትንንሽ ረግረጎች ግን ማንም ስም የማይጽፍላቸው ናቸው፤ አንዱ ተንጣፍፎ እርሻ ቢሆን፣ ሌላው ጡብ መሥሪያ ቢሆን የሚጽፍ የለም።

ይህን ስንል ማንም እንዳይሳሳትብን። እኛ ግድቡን ከሚቃወሙት ወገን አይደለንም፤ ወላጆቻችን ከደመወዛቸው ቦንድ ገዝተዋል፤ እኛም በኩራዝ ያጠናንበት ዘመን ትዝ ይለናል። እንዲያውም ለሸምበቆ እንቁራሪት አዲሱ ሐይቅ ሲሳይ ይሆንላት ይሆናል፤ በዳርቻው ሸምበቆ ቢበቅል መኖሪያዋ ይሰፋል። ውሃው በዓመት ውስጥ ከፍና ዝቅ እያለ ዳርቻው ራቁቱን ቢቀር ደግሞ ይጠባል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ መናገር የሚችለው ዛሬ ማን በየት እንደሚጮህ የጻፈ ሰው ብቻ ነው። ጥቅሙም ጉዳቱም ያለ መዝገብ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ዓለም አቀፉ የአደጋ መዝገብ ሃይፐሮሊየስ ባልፎሪን ከማያሳስቡት ወገን አስቀምጧታል። ተሳስቷል አንልም። ከካሜሩን ጀምሮ ያለውን ስፋት አንድ ላይ ሲያዩት አያሳስብም። ነገር ግን «አያሳስብም» የሚለው ቃል ለአሶሳ ረግረግ የተሰጠ ምስክርነት አይደለም። በ2023 በወጣ የዓለም ጥናት ከተመረመሩት ከ8,000 በላይ የእንቁራሪትና የዘመዶቻቸው ዓይነቶች መካከል 40.7 በመቶው የመጥፋት አደጋ ያለባቸው ናቸው፤ ከአጥንት ባለቤት እንስሳት ወገን የዚህን ያህል የተጎዳ የለም።

እንግዲህ በመኝታ ቤታችን ክርክር ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚወረወርብንን ድንጋይ እናንሣው። «በመተከል ሰው በሞተበት፣ ከካማሺ ሕዝብ በተፈናቀለበት አገር፣ የሰው ነገር ሳያልቅ የእንቁራሪት ነገር ታነሣላችሁን?» ይሉናል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሳቅም የሚታለፍ አይደለም። ከመካከላችን በዚያ ዓመታት ዘመድ ያጡ አሉ። መልሳችን የሰው ነገር ይቆይ የሚል አይደለም። ረግረጉ የማን እንደሆነ እንመልከት የሚል ነው። በበጋ ከብት የሚሰማራበት፣ ለጣራ ሣርና ሸምበቆ የሚታጨድበት፣ ሴቶች ውሃ የሚቀዱበት ቦታ ነው። የበርታው ገበሬ፣ የጉሙዙ፣ የሽናሻው፣ የማኦውና የኮሞው አያት ስለዚያ ረግረግ የሚያውቁት ሁሉ በቃል ያለ ነው፤ በወረቀት የለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 አንድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ እንዲጠና፣ ሕዝቡም አስተያየት እንዲሰጥ ደንግጓል። መልካም ነው። ነገር ግን ለአጥኚው ቀርቦ የሚነበብ ነገር ከሌለ፣ «በቦታው ረግረግ አለ» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። በዚያ ቀን እንቁራሪቷና ሣር አጫጁ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም አልተጻፉም። የእንቁራሪቷን ስም ለመጠየቅ ወደ አያቱ የሄደ ተማሪ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ሣሩና ስለ ግጦሹም ሳይሰማ አይመለስም።

ሌላም መከራከሪያ አለ፤ ይህኛው ከወዳጆቻችን የመጣ ነው። «እንቁራሪት ትንኝ ትበላለች፤ አሶሳ ወባ ያለበት አገር ነው፤ ስለዚህ ጠቃሚ ናት ብላችሁ ጻፉ» ብለውናል። ነፍሳት መብላቷ እውነት ነው። ወባን ትቀንሳለች የሚል ማስረጃ ግን ይዘን ስላልቀረብን አንጽፍም። ሰውም ቢሆን ጥቅሙ ሳይቆጠር ስሙ በመዝገብ ይገባል።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ከ1964 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ እንዲያገለግሉ ተደርጎ እንደነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል፤ አብዛኞቹም አስተማሪ ሆነው ሄዱ። እኛ ለዚህ ሥራ ማንም እንዲያዘን መጠበቅ የለብንም። የውጭ ተመራማሪ ሲመጣ በስንት ደብዳቤና ፈቃድ ለጥቂት ሳምንታት ነው። የአሶሳ ልጅ ግን እንቁራሪቷ በምትጮህበት በክረምቱ ወራት ለዕረፍት ቤቱ ነው ያለው፤ መንገዱን ያውቃል፤ ቋንቋውን ይናገራል፤ የረግረጉ ባለቤቶች አጎቶቹና አክስቶቹ ናቸው። ይህን ዕድል በኒው ዮርክም በለንደንም ያለ ሊቅ በገንዘብ ሊገዛው አይችልም።

ሥራው እንደሚከተለው ቢሆን ይበጃል እንላለን። ዝናብ ከጣለ በኋላ ከመሸ ወደ ረግረጉ ዳር ሄዶ በእጅ ስልክ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ድምፅ መቅዳት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቦታውን ስምና በዙሪያው ያለው ተክል ሸምበቆ ይሁን ቄጠማ መጻፍ፤ ከታየች ሳይነኩ ፎቶግራፍ ማንሣት። እንስሳውን መያዝና መግደል አያስፈልግም፤ ስለ ጄኔቲክ ሀብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዓ.ም. ፈቃድ የሚጠይቅበት ነገር ስለሆነ ናሙና መውሰዱን ለመምህራኖቻችንና ለአራት ኪሎው የእንስሳት ሙዚየም እንተወው። ከአንዱ ረግረግ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ጫማውን አጥቦና አድርቆ ይሂድ፤ የተናገርንለት ሻጋታ በጭቃ ይጓዛልና። ጸጥታው ባልረጋበት ቦታ ማንም በሌሊት አይውጣ፤ ወባውም አይረሳ።

ከድምፁ እኩል ደግሞ ስሙ ነው። ቀን ቀን ሽማግሌዎችንና እረኞችን መጠየቅ ነው፤ ቅጂውን አሰምቶ «ይህን የሚጮኸውን ምን ትሉታላችሁ?» ማለት። የተባለውን በግዕዝ ፊደል፣ እንደተነገረ፣ ወደ አማርኛ ሳይተረጉሙ መጻፍ፤ ቋንቋውንና መንደሩንም ማከል። ሁለት ሰዎች ሁለት ስም ቢሰጡ ሁለቱንም መጻፍ ነው እንጂ መዳኘት የእኛ ፋንታ አይደለም። እረኞች ከእኛ ይልቅ ብዙ ጩኸት ለይተው የሚያውቁ ከሆነ አይግረመን፤ አሥራ ስድስቱን ለመለየት ላቦራቶሪው የደከመበት ጆሮ የእነርሱ የዕለት መሣሪያ ነው።

መምህራኖቻችንንም የምንለምነው ነገር አለ። አንደኛ፣ የሦስተኛ ዓመት የመስክ ልምምድ በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ሐይቅ አይቶ መመለስ ከሚሆን፣ ይህን መዝገብ ከውጤት ጋር ቢያያይዙት። ሁለተኛ፣ የላርገንን ካታሎግ መለያ ቁልፍ ወደ አማርኛ ለመመለስ ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎች ስላሉ የሚመራቸው አንድ መምህር ቢሰጠን። «ለቃላቱ አማርኛ የለም» የሚለውን መልስ አስቀድመን ስለምናውቀው፣ የጉሮሮ ከረጢት፣ የጣት ጫፍ፣ የጀርባ መስመር እያልን ጀምረናል፤ የጎደለውን ገበሬውን እየጠየቅን እንሞላለን።

ደብተር ከሰኔ ፈተና በፊት በባዮሎጂ ተማሪዎች ጠረጴዛ ላይ ይታደላል፤ ሃያ ደብተር ከኪሳችን አዋጥተን ገዝተናል። ወደ ባምባሲ፣ ወደ መንጌ፣ ወደ ሸርቆሌ፣ ወደ ማኦ ኮሞና ወደ አሶሳ ዙሪያ የሚሄዱ ይቅደሙ፤ የጋምቤላና የወለጋ ልጆች ከፈለጉ ለእነርሱም አለ። በጥቅምት ስንመለስ የተሞሉት ደብተሮች ሁለት ሁለት ቅጂ ይባዙና አንዱ በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ስሙን ወደ ነገሩን ሰዎች መንደር፣ እዚያ ወዳለው ትምህርት ቤት ይላካል።